ሦስቱ የስፖንጅ ሽማግሌዎች

አያ ጥላዬ የሴት ካልሲ ገዛ በተባለ ቀን ንፋስ መውጫ ውስጥ ሌላ ወሬ አልተወራም። ካልሲው ስስ፣ ቡናማ፣ ከጭን የሚደርስ ዓይነት ነው። ባለሱቋ “ለማን ነው?” ስትለው “ለሦስት ሽማግሌዎች” ብሎ መለሰላት። እውነቱን ነበር የተናገረው። እሷ ግን እውነት ሲነግሯት የማመን ልማድ ስላልነበራት፣ ገና አስፋልቱን ሳይሻገር “ጥላዬ ሊያገባ ነው፤ ልጅቱም ቀጭን ናት” ብላ ለጎረቤቷ ነገረች። ቀጭንነቷን ያወቀችው ከካልሲው ልክ ነው። ወሬው ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ደረሰ፤ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ አርብ ገበያ ገባ። ያ ወሬ ኋላ ጣጣ ያመጣል፤ እደርስበታለሁ።

ጥላዬ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ዘበኛ ሆኖ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። አሻንጉሊት መስፋት የጀመረው እዚያው በር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት እናቱን አልለቅም ብሎ የሚያለቅስ ሕፃን ሲመጣ፣ ሁለት ቁልፍ ለዓይን የተሰፋበት አሮጌ ካልሲ እጁ ላይ ያጠልቅና “እዚህ ማነው በግ የሚያርደው? ጩኸት ሰማሁ” ያሰኘዋል። ልጁ ዝም ይላል፤ እናቲቱ ቀስ ብላ ትሄዳለች። እያደር እጁ ተካነ። አራቱ ጣቶች ላይኛውን ከንፈር፣ አውራ ጣት ታችኛውን የሚያንቀሳቅስበት፣ ቅንድብ ያለው፣ ጉንጭ ያለው አሻንጉሊት መስፋት ቻለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። ሰርግ በተጠራ ቁጥር ከጋቢው ሥር አንድ ሰው ይዞ ይመጣል፤ ያ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከታዳሚው አንዱን ይመስላል።

የሚገርመው፣ ጥላዬ በገዛ አፉ መናገር የማይሆንለት ሰው ነው። ሰላምታ እንኳ ሲመልስ መሬት መሬቱን እያየ ነው። እጁ ላይ አሻንጉሊት ሲኖር ግን ቄስ አይፈራ፣ ሹም አይፈራ። ሚስቱ ዘርፌ “እኔ የተጋባሁት ከእጁ ጋር ነው” ትል ነበር። ሲኮራረፉ የምታናግረው አሻንጉሊቱን ነው። “ለጌታህ ንገረው፣ ብርድ ገባ፣ በሩን ይዝጋ” ትለዋለች። አሻንጉሊቱም “ጌታዬ ሰምቷል፤ ኩርፊያው ግን እግሩን ይዞታል” ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ዓይነት ኖሩ፤ አንድ ሴት ልጅም ወለዱ፣ ማስተዋል የምትባል። ማስተዋል አድጋ አስተማሪ ሆነችና አርብ ገበያ ተመደበች።

ዘርፌ የታመመችው መንገድ የተዘጋበት ጊዜ ነው። ከአርብ ገበያ ንፋስ መውጫ የሚመጣ መኪና የለም። ኔትወርክም አንድ ቀን ብቅ ይልና ሦስት ቀን ይጠፋል። ማስተዋል ብቅ ባለ ቁጥር ትደውላለች። መንገዱ ሲከፈት እናቷ ከተቀበረች አሥራ አንድ ቀን ሆኗት ነበር፤ የደረሰችው ለሐዘኑ ነው እንጂ ለበሽታው አልነበረም። ጥላዬ ሚስቱን ያስታመማትም ያስቀበራትም ብቻውን ነው።

በእኛ አገር የሟች ልብስ ለነፍስ አባት ይሰጣል። የዘርፌ የነፍስ አባት ቄስ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩ፣ ድምፃቸው ከደወል የሚተካከል። ጥላዬ ጋቢዋን ሰጠ፣ ነጠላዋን ሰጠ፣ ጫማዋን ሰጠ። አረንጓዴ ቀሚሷን ግን ደበቀ። ከዚያ፣ ለመዋዕለ ሕፃናቱ የመጣ የኮምፒዩተር ካርቶን ውስጥ የነበረ ስፖንጅ አንሥቶ ራስ ቀረጸለት። ቀሚሱን ቆርጦ በእጁ ሰፋ። አርባው ሲደርስ ዘርፌ ተሰፍታ አልቃ ነበር።

የተዝካሩ ቀን ዳሱ ሙሉ ሰው አቀርቅሮ ይበላል። ማስተዋል ጥግ ይዛ ታለቅሳለች። ጥላዬ ሊያጽናናት አሰበ፤ እሱ ማጽናናት የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ዘርፌን ከጋቢው ሥር አወጣት። ድምፅዋ የራሷ፣ ሳሏ እንኳ የራሷ ነበር።

“ብሉ እንጂ፣ ምን ታቀረቅራላችሁ? እኔ እንደሆንሁ ጾሜን ጨርሻለሁ” አለች።

አንዳንዱ አማተበ። አንዱ ሳያስበው ሳቀ፤ ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ሳቅ እንደ ጠላ ነው፤ አንዱን ዋንጫ የቀመሰ ሁለተኛውን አምጡ ይላል። ዘርፌ ወደ ልጇ ዞረች።

“ማስተዋልዬ፣ ስታመም በስልክ መጣሽ፣ ከሞትሁ በኋላ በእግርሽ መጣሽ። ለሚቀጥለው ሞቴስ በምን ትመጪ ይሆን?”

ግማሹ ዳስ ሳቀ፤ ግማሹ ትሪውን አየ። ማስተዋል ልቅሶዋን አቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጫማዋን ከበሩ ሥር ፈልጋ አጠለቀች፣ ሄደች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ስልክ ሲደውል አታነሣም፤ ሰው ሲልክ “ደኅና ነኝ በሉት” ብላ ትመልሳለች።

ጥላዬም ከዚያ ወዲህ የዘርፌን አፍ አላስከፈተም። ማታ ራቱን ሲበላ ፊት ለፊቱ በርጩማ ላይ ያስቀምጣታል፤ እጁን ግን አያገባባትም። እሷም ዝም፣ እሱም ዝም። በርም የሚያዘጋው አጥቶ ብርዱ እንደልቡ ይገባ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቱ የሻረግ፣ ጠላ የምትሸጠው፣ ገብስ ሊገዛ ሲወጣ መንገድ ላይ አገኘችውና “እንኳን ማርያም ማረችልህ” አለችው።

“ማንን?”

“ውይ አላወቅህም? ማስተዋልን ነዋ። ሴት ናት። ሃያ ሁለት ቀኗ፤ ዛሬን ጨምሮ።”

ጥላዬ የያዘውን ባዶ ቁና አቅፎ ቆመ። የሻረግ እንደነገረችኝ፣ ገብሱን ሳይገዛ ቁናውን ይዞ ተመለሰ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ክርስትና ላይ ያልቆመ አያት፣ ከዚያ በኋላ በየትኛው በር ይገባል? ክርስትና ደግሞ እንደ ልደት በያመቱ አይመጣም። ሃምሳ ስምንት ቀን ቀረው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሽማግሌ ልኮ መታረቅ አለበት። ሌላ መንገድ የለም።

መጀመሪያ ቄስ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ሄደ። ጉልበታቸውን ስሞ፣ በስንት መከራ፣ “ሽማግሌ እንዲሆኑኝ” አለ።

“ልጄ፣ ቀሚሱን ስለነፈግኸኝ አይምሰልህ” አሉት። “ቀሚስ ለእኔ ምን ያደርግልኛል። ግን ሙት አናገርህ። ሄጄ ይቅር በይው ብላት፣ ‘አባ፣ ያን ቃል የተናገረችው እናቴ ናት ወይ?’ ብትለኝ ምን እመልስላታለሁ?”

ጥላዬ መሬት መሬቱን አየ። መልሱን ያውቀዋል፤ አፉ ላይ ግን አልመጣም።

ቀጥሎ ወደ አያ ይግዛው ሄደ። አያ ይግዛው ታችኛው ከንፈራቸው ትንሽ ወጣ ያለ፣ በዕርቅ የታወቁ ባላገር ናቸው።

“እሄድልህ ነበር” አሉት። “ነገር ግን አምና በደጊቱ ልጅ ሰርግ ላይ እኔን ሰፍተህ አመጣህ። ከንፈሬን ስንዝር አሳከልኸው። በሰው ፊት ሦስት ጊዜ ‘ቁርጥ ድገሙኝ’ አስባልኸኝ። አሁን እኔ ሽማግሌ ልሁንልህ?”

እውነቱ አራት ጊዜ ነው፤ አንዷን ጥላዬ በይሉኝታ ትቷት ነበር። እጁ ባዶ ስለነበረ ግን ምንም አልተናገረም።

ሦስተኛው የእድሩ ዳኛ አያ ጓዴ ናቸው። እሳቸው እምቢ ማለት አይወዱም። “እኔ ችግር የለብኝም። ሁለት ሰው አግኝና ሦስተኛው እኔ ነኝ” አሉት። አያ ጓዴ ለሁሉም ሰው ሦስተኛ ናቸው። በሕይወታቸው አንደኛ ሆነው የሄዱበት ነገር ስለመኖሩ የሰማ የለም።

ጥላዬ ቤቱ ገብቶ ሁለት ቀን አልወጣም። ሲወጣ ቆርጦ ነበር። ሦስቱ አልሄድም ካሉ ሦስቱን ሰፍቶ ይወስዳቸዋል።

ችግሩ ስፖንጅ ነው። ጨርቅ አይቸግርም፤ ያረጀ ነገር በእኛ ቤት መቼ ጠፍቶ። የሰው ራስ የሚሆን፣ ሲጨብጡት እሺ ብሎ ሲለቁት የሚመለስ ስፖንጅ ግን ከየት ይመጣል? ፍራሽ ሻጩ አስቻለው ሱቅ ገባ። ፍራሾቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል።

“ስፖንጅ ቆርጠህ ትሸጥልኛለህ?”

“ምን ያህል?”

“ሦስት ራስ የሚወጣው።”

“የምን ራስ?”

“የሽማግሌ።”

አስቻለው ትንሽ አሰበ። “አያ ጥላዬ፣ እኔ የምሸጠው ሙሉ ፍራሽ ነው። ለሦስት ሽማግሌ ግን ሜትር ከሃያው ይበቃቸዋል። ጠጋ ጠጋ ብለው ይተኙበታል።”

ሳቁ ወረድ ሲልለት ለትራስ የሚሆን ፍርፋሪ ስፖንጅ በፌስታል ሰጠው። ጥላዬ ወስዶ ሞከረው። ፍርፋሪ ትራስ ይሆናል እንጂ ጉንጭ አይሆንም፤ ቄስ ቀለመ ወርቅ ጆሮ ደግፍ የያዛቸው መስለው ወጡ። ቀጥሎ ባጃጅ ወንበር የሚያድሰው ዘንድ ሄዶ ከአሮጌ ወንበር የወጣ ስፖንጅ ለመነ። እሱም ቢጫ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ስንት ሰው እንደተቀመጠበት ጠረኑ የሚናገር ነው፤ ምላጭ ሲነካው እንደ ሰነበተ ዳቦ ተፈረፈረ። ሁለት ሳምንት በዚህ አለቀ።

የቀረው አንድ ቦታ ነው። ጥላዬ መጀመሪያውኑ ያውቀው ነበር፤ ለዚህ ነው ሌላውን ሁሉ የዞረው።

አልጋው ላይ ያለው የሁለት ሰው ፍራሽ ነው። በእሱ በኩል ያለው ጎድጉዶ የእሱን ቅርጽ ይዟል። በዘርፌ በኩል ያለው ግን ቀጥ እንዳለ ነው። እሷ ቀላል ሴት ነበረች፤ ሦስት ዓመት ደግሞ ማንም አልተኛበትም። ጥላዬ ሰፋ ብሎ የተኛበት ሌሊት የለም። አንሶላው እንኳ በዚያ በኩል አልተጨማደደም።

ፀሐይ በበሩ የምትገባበትን ሰዓት ጠብቆ ፍራሹን ገለጠው። አዲስ ምላጭ አወጣ። ስፖንጅ በመቀስ አይቆረጥም፤ መቀስ ያፍነውና ጠርዙ ይንሻፈፋል። በምላጭ፣ ሳይጫኑ፣ ባንድ ትንፋሽ መሳብ ነው። በርጩማው ላይ የተቀመጠችውን ዘርፌን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ከእሷ በኩል፣ ራስጌው ላይ፣ ሦስት ራስ ቆረጠ።

የሴት ካልሲው የገባው እዚህ ላይ ነው። ስፖንጅ ራቁቱን ሰው አይመስልም፤ ቆዳ ያስፈልገዋል። ስስ ካልሲ ተለጥጦ ሲለብሰው ግን ፊት ይሆናል፤ በመርፌ ከውስጥ ሳብ ሲያደርጉት ይሸበሸባል፣ ያረጃል። ጥላዬ ሽማግሌዎቹን እንዲህ እያለ ያስረጃቸው ጀመር። መርፌ ቀዳዳው አይታየውም። ድሮ ክር የምታስገባለት ዘርፌ ነበረች። አሁን እኩለ ቀን ላይ ደጃፉ ላይ ይቆምና፣ ፀሐዩ ደኅና ሳለ፣ ስድስት መርፌ በስድስት ክር አስገብቶ ኮቱ ደረት ላይ ይሰካቸዋል። እነሱ ካለቁ የዚያ ቀን ስፌት አለቀ። ጎረቤት መጠየቅ ይችል ነበር፤ ግን ክር አስገቡልኝ ብሎ መጠየቅም ንግግር ነው።

ለቄስ ቀለመ ወርቅ ነጭ ሻሽ ጠመጠመላቸው፤ ጢማቸው ከበግ ጠጕር ነው። ለይግዛው ከንፈር የአሮጌ ጫማ ገበር በማስቲሽ አጣብቆ ዳሩን ዘመዘመው። እዚህ ላይ ተጨንቆ ነበር፤ ከንፈሩን እንደ ድሮው ስንዝር ያርገው ወይስ ይማረው? ማረው። ለአያ ጓዴ ከተቀደደ በርኖስ ትንሽ ካባ ሰፋላቸው። ለስድስት ዓይን ስድስት ቁልፍ ስለሚያስፈልግ ከገዛ ኮቱ ፈታ። የጋይንት ብርድ ደግሞ ቁልፍ የሌለው ኮት ሲያገኝ አይምርም፤ ኮቱን በገመድ አስሮ ይዞር ጀመር። “ሙሽራው ከስቷል” አለ ያየው ሁሉ።

በሕፃኗ ስድሳኛ ቀን፣ አርብ ዕለት፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች ጆንያ ውስጥ ከቶ ሚኒባስ ተሳፈረ።

“አባት፣ ጆንያው ምንድን ነው? እህል ከሆነ ይከፈልበታል” አለ ረዳቱ።

“ሽማግሌዎች ናቸው።”

“እነሱም ይከፈልባቸዋል” አለና ጆንያውን ጣሪያ ላይ ወረወረው። አባ ቀለመ ወርቅ እስከ አርብ ገበያ በንፋስ ሄዱ።

የገበያ ቀን ስለነበረ መንገዱ በአህያና በሰው ተሞልቷል። ማስተዋል የምትኖረው ከገበያው ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ነው። ጥላዬ አንኳኳ። ቆየ። በሩ ስንዝር ያህል ተከፈተ። አራስ ብቻዋን ደጅ ስትወጣ ብረት መያዝ አለባትና ማስተዋል በእጇ ቢላዋ ይዛለች። ለእሱ የተያዘ አይደለም፤ ግን እሱን ስታይ አላስቀመጠችውም።

“ሙሽራዋን ይዘዋት መጡ?” አለችው። ድሮ አንተ ነበር የምትለው።

ጥላዬ የምን ሙሽራ እንደሆነ አላወቀም። ጎንበስ አለና ጆንያውን ፈታ፤ ቀኝ እጁን ቄስ ቀለመ ወርቅ ውስጥ፣ ግራ እጁን አያ ይግዛው ውስጥ አስገባ። ሰው ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለው፤ አያ ጓዴ እንደ ልማዳቸው ሁለቱ እስኪጀምሩ ጆንያ ውስጥ ቆዩ።

“ልጄ ማስተዋል” አሉ አባ፣ በዚያ በደወል ድምፃቸው። “እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከሩቅ ነው የመጣነው። አባትሽ አጥፍቷል፤ እኛም አጥፍቷል ብለን ፈርደንበታል። ግን ይቅር እንድትይው ቆመን እንለምንሻለን። እሺ እስክትይን አንቀመጥም።”

“እኔም አልቀመጥም” አሉ አያ ይግዛው። “ቁርጥ ካለ ግን ቆሜ እበላለሁ።”

ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ቆም ቆም አሉ። ከአህያው ጀርባ አንዱ ሳቀ። ማስተዋል እጇን ዘርግታ የአባ ቀለመ ወርቅን ጉንጭ በጣቷ ነካችው፤ ሳብ አርጋ ለቀቀችው።

“ይህ የሴት ካልሲ ነው?”

“ይቅር በይኝ፣ አዎ” አሉ አባ። “በዚህ ዕድሜዬ ይህን አለበሰኝ።”

“ይህ ነው እንግዲህ ሠርጉ” አለች ማስተዋል። የከንፈሯ ዳር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ተነቃነቀ። ጥላዬ አየው፤ ሰዎቹም ሳቁ። ያቺ የዳሱ ሙቀት እንደገና በክንዱ ወጣች። አያ ይግዛው አንገታቸውን ወደ ሰዉ አዞሩ፣ ሌላ ቀልድ ሊጀምሩ።

“በቃ” አለች ማስተዋል። “ሽማግሌዎቹን ይስጡኝ።”

ቢላዋውን ብብቷ ውስጥ ያዘችና መጀመሪያ አባን ከቀኝ እጁ፣ ቀጥሎ ይግዛውን ከግራ እጁ ላይ አወለቀቻቸው። ጎንበስ ብላ አያ ጓዴንም ከጆንያው አወጣች።

“የሽማግሌ ደንብ ይህ ነው። ሽማግሌ ይገባል፤ በዳይ ውጭ ይቆማል።”

በሩ ተዘጋ። የሚያየው ነገር ያለቀበት ሰው አንድ በአንድ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ጥላዬ ቆመ። እጆቹ መርፌ የወጋጋቸው፣ ባዶ፣ ብርድ የነካቸው ነበሩ፤ የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም። ኪስ ውስጥ ከተታቸው፤ አወጣቸው። ያመጣቸው ሽማግሌዎች ያለ እሱ አንዲት ቃል መናገር እንደማይችሉ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ስለዚህ ውስጥ ማንም አይለምንለትም። ገበያው ሲበተን፣ ባዶ አህዮች በፊቱ ሲያልፉ፣ እዚያው ነበር።

ብዙ ቆይቶ ከቆርቆሮው ጀርባ ድምፅ መጣ። የቄስ ቀለመ ወርቅ ድምፅ ነው፣ ትንሽ ቀጠን ያለ። ማስተዋል የዘበኛው ልጅ አይደለች እንዴ፤ እጅ አግብቶ ማናገርን በልጅነቷ ከእሱ ጉልበት ላይ ነው የተማረችው።

“በዳዩ፣ ምን በድለህ ነው?” አለ ድምፁ።

የጥላዬ ቀኝ እጅ ሳያዘው ከፍ አለ፤ አራቱ ጣቶች ከአውራ ጣቱ ጋር ገጠሙ፣ እንደ አፍ። አየውና ቀስ ብሎ አወረደው።

“እናትሽ አላለችም” አለ። ድምፁ የማንም አልመሰለም።

“ምን አላለችም?”

“በስልክ፣ በእግር ያለችውን። እሷ አይደለችም። እሷ መንገዱ መዘጋቱን ታውቅ ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር ‘ማስተዋሌ ናት’ ብላ ለመነሣት ትሞክር ነበር፤ የጎረቤት ስልክ ቢጮኽ እንኳ። አንድ ቀን አላማችሽም።” ትንፋሹን ሳበ። “ያልሁት እኔ ነኝ። ብቻዬን ቀበርኋት። ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ አላውቅም። በእሷ አፍ ተናገርሁት።”

ያለ አሻንጉሊት ይህን ያህል ሲናገር የዕድሜ ልኩ የመጀመሪያው ነው። ያ ሁሉ ስፖንጅ ያልቻለውን ነገር በቀን አሥር ቃል በማይወጣው አፍ ተናገረውና ቆርቆሮውን እያየ ቆመ።

ውስጥ ሕፃኗ አለቀሰች፤ ተባበለች፤ ዝም አለች። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የማስተዋል የራሷ ነበር።

“ቀሚሱ የት ነው?”

“ቤት ነው።”

“ሙሉ ነው?”

“እጅጌው የለም። አንገቱ ተቆርጧል።”



“ፈትተው ያምጡት። ክርስትናው የዛሬ ሃያ ቀን ነው።”

በሩን አልከፈተችም። ሽማግሌዎቹም ውስጥ ቀሩ። ጥላዬ ባዶ ጆንያውን አጥፎ በብብቱ ያዘና የመጨረሻውን ሚኒባስ ሊይዝ ሮጠ።

ነገሩ ንፋስ መውጫ ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ቄስ ቀለመ ወርቅ ወደ ጎን ሳብ አርገው “አርብ ገበያ ሄጄ ነበር አሉ” አሉት። ጥላዬ መሬት አየ። አባ ግራ ቀኝ ተመለከቱ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ለመሆኑ ምን አልሁ?”

“ደኅና ነው የተናገሩት፣ አባ።”

“ተሰማልኝ?”

“ተሰማልዎ።”

“ደግ” ብለው መስቀላቸውን አሳለሙት። አያ ጓዴም ኋላ ለሰው ሁሉ “ሦስተኛ እኔ ነበርሁ” እያሉ ያወሩ ጀመር።

ዘርፌን መፍታት አራት ቀን ወሰደበት። መፍታት ከመስፋት ይከፋል፤ ሲሰፋ ክሩ እሺ ይላል፣ ሲፈታ ግን እያንዳንዱን ጥልፍ እንዳይቀድ መለመን ነው። እሱ ደግሞ አጥብቆ ነበር የሰፋት። አረንጓዴው ከላይዋ ሲወርድ የቀረው የኮምፒዩተር ካርቶን ስፖንጅ ነው፤ ጥቁር፣ አፍንጫ የሌለው። አልጋው ላይ የቆረጠው ጉድጓድ ውስጥ ሊደፍንበት ሞከረ። አልገጠመም። ቀሚሱን አጠበው፣ በከሰል ካውያ ተኮሰው፣ የተቆረጡትን ቁራጮች ሁሉ አብሮ አጠፋቸው። በርጩማዋ ባዶ ሆነች። ራቱን በሩ ላይ ቆሞ መብላት ጀመረ።

ክርስትናው ላይ ጥላዬን ያየ ሰው አላወቀውም አሉ። በሩ አጠገብ ተቀምጦ እጆቹን ጋቢው ሥር ሸሽጎ ዋለ። ማስተዋል ቀሚሱን ስትቀበለው አንድ ጊዜ ፊቷ ላይ አደረገችው፤ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ለማን እንደምትሰጠው አልተናገረችም፣ እሱም አልጠየቀም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ብፌው ላይ ተደርድረዋል። እንግዳው ጥላዬን “አንድ ነገር አስብላቸው እንጂ” አለው። እሱ ራሱን ነቀነቀ። ሕፃኗን አመጡለት፤ ያዛት። ምንም አላላትም፤ እሷ ግን ብዙ ጊዜ አየችው።

አመሻሽ ላይ ሊሄድ ሲነሣ ማስተዋል አያ ይግዛውን ይዛ በሩ ድረስ መጣች።

“ልጅቱ ከንፈሩን ስትጎትት አገጩ ተተርትሯል” አለችው።

የጥላዬ እጅ ወደ ኮቱ ደረት ሄደ። ቡናማ ክር የገባበት መርፌ እንደተሰካ ነበር።

“አሁን አይደለም” አለች። “ሌላ ጊዜ መጥተህ ስፋው።”

መርፌውን መልሶ ሰካው። ሌላ ጊዜ ያለችው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አርብ ቀን ሊሆን ነበር። ሆኖም በዚያ ሳምንት መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ጥላዬ መናኸሪያ ሄዶ ጠየቀ፤ በማግስቱም ሄዶ ጠየቀ። የሻረግ እንደምትለው እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ይሄዳል፤ ሚኒባሶቹ ቆመዋል፣ ሾፌሮቹ ካርታ ይጫወታሉ። ኮቱ ቁልፍ የለውም፤ መርፌው ግን ክሩን እንደያዘ ደረቱ ላይ አለ።

ባለፈው ረቡዕ ኔትወርክ ብቅ አለ። ጥላዬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ደወለ። ሦስት ዓመት ያልተነሣው ስልክ በሁለተኛው ጥሪ ተነሣ።

ስልኩን ጆሮው ላይ አስጠጋ። ወዲያ ማዶ የሕፃን ትንፋሽ ይሰማል።

“አባዬ” አለች ማስተዋል። “በስልክ መጣህ?”

ጥላዬ የሚያናግርለት ሰው ፍለጋ ወደ ቤቱ ውስጥ ዞር አለ። በርጩማው፣ አልጋው፣ የጎደለው ፍራሽ። ማንም አልነበረም።

“በስልክ መጣሁ” አላት።